ለጥላ ጥግ የክረምት አበባ አመራረጥ (እስራኤል ላላችሁ)

አገር ቤት ክረምት ማለት ሐምሌና ነሐሴ ነው። እዚህ ግን ዝናቡ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ይመጣና በጋውን ጠብ አይልም። ስለዚህ ለቤቱ ጀርባ የሚያዋጣው በዝናቡ አድጎ አብቦ፣ በጋውን መሬት ውስጥ ተኝቶ የሚከርም ተክል ነው።

መጀመሪያ ጥላውን እዩ፤ በታኅሣሥ እንጂ በሰኔ አይሁን። በሰኔ ቀትር የ3 ሜትር አጥር ጥላ ግማሽ ሜትር አይሞላም፤ በታኅሣሥ ያው አጥር ከ4 ሜትር በላይ ያጠላል። ቅጠሉን የሚያረግፍ ዛፍ ሥር ካላችሁ ታድላችኋል፤ በበጋ ጥላ፣ በክረምት ብርሃን ይሰጣል። ለዚህ የስልክ መተግበሪያ አውርዱ የሚሉትን አትስሟቸው፤ ጥላው የሚደርስበትን ለማመልከት አንድ እንጨትና ጥቂት ኖራ ይበቃል።

የኔ ምርጫ ሳይክላመን ነው፤ እዚህ ራኬፌት የሚሉት። የዱሩን መንቀል በሕግ ክልክል ስለሆነ ከችግኝ መሸጫ ግዙ። አበባው የፈነዳውን ትታችሁ በቅጠሉ ሥር እምቡጥ የበዛበትን አንሱ። ሥሩ እንደ ድብልብል ድንች ነው፤ በአውራ ጣት ስትጫኑት ጠንከር ይበል። ስትተክሉት አናቱ ከአፈሩ እኩል ይሁን፤ አትቅበሩት።

ከባዱ በጋው ነው። በመጀመሪያው ዓመት ግንቦት ላይ ቅጠላቸው ቢጫ ሲሆን «ልጆቼን ውሃ ጠማቸው» ብዬ ጠብታ መስኖ ዘረጋሁላቸው። ነሐሴ ላይ አፈሩን በጣቴ ብጭር 11ዱም ሥር ልፍስፍስ ብሎ፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ለካ መተኛታቸው ነበር! ቅጠሉ ሲወይብ ውሃውን ቁረጡ፤ እስከ ጥቅምት ዝር አትበሉ። ሣር የሚያጠጣ ቧንቧ አጠገብም አትትከሉ።

ካላ ሊሊ ግን እርጥበት ትወዳለች። የኔን የአየር ማቀዝቀዣው ውሃ የሚንጠባጠብበት ጥግ ሰጥቻታለሁ፤ በጋውንም አረንጓዴ ናት። ሳይንሳዊ ስሟ «ኤቲዮፒካ» ቢልም አገሯ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ እናቴ ይህን አትቀበለኝም። ሕፃን ካለ ግን ተጠንቀቁ፤ አፍ ውስጥ ከገባች ታቃጥላለች።

ሰፊ ቦታ ላለው አካንቱስ አለ፤ የአገራችን ኮሸሽላ ዘመድ ነው፣ ይህኛው ግን አይዋጋም። ልንቀልህ ቢሉት ከተረፈችው ቁራጭ ሥር እንደገና ስለሚበቅል ለጠባብ ጓሮ አልመክረውም።

ሳይክላመኖቹ የተኙበትን ቦታ በነጭ ድንጋይ ክበቡት። በጋ ላይ ባዶ መሬት ስለሚመስል ቃሪያ ልትከል ብሎ ዶማ የሚያነሳ ዘመድ አይጠፋም።