የጠላ እርሾን በቤት አራብቶ ማቆየት፦ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔያቸው

ጠላ በተጠነሰሰ ቁጥር እርሾው ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከጋኑ እንዲመጣ መጠበቅ የተለመደ ነው፤ ሆኖም ጣዕሙ ከተወደደ ጠላ ላይ እርሾውን ለይቶ ለሚቀጥለው ጥንስስ ማቆየት ይቻላል። የተጠለለውን ጠላ በንጹሕ ጠርሙስ ቀዝቃዛ ቦታ ሁለት ቀን ብናስቀምጠው፣ ከሥሩ ክሬም የሚመስል ደቃቅ ዝቃጭ ይቀመጣል፤ እርሾው በብዛት የሚገኘው በዚህ ውስጥ ነው። ከአተላው መውሰድ ቀላል ቢመስልም፣ አተላ ገለባና ጌሾ የበዛበት ስለሆነ ቶሎ ይበላሻል፤ ስለዚህ አልመክረውም።

የተቀመጠው እርሾ አዲሱን ጥንስስ ካላስነሳ

እርሾው ሞቷል ከማለታችን በፊት መፈተን አለብን። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዝቃጭ፣ አንድ ማንኪያ ስኳር በሟሟበት አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጨምረን፣ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ባለው ቦታ እስከ ማግሥቱ እናቆየዋለን። አረፋ ካወጣ ሕያው ነው። በደብረ ማርቆስ ወይም በእንጅባራ የክረምት ሌሊት ግን ቤቱ ራሱ ቀዝቃዛ ስለሚሆን ጤነኛው እርሾም ሊተኛ ይችላል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ዕቃውን በጋቢ ጠቅልሎ ከምድጃው ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ይበቃል። ምድጃው ላይ ማስደገፍ ግን አደጋ አለው፤ እርሾ ከ40 ዲግሪ በላይ ይጎዳል፣ ከ50 በላይ ደግሞ ይሞታል። እኔም በችኮላ ያልበረደ ፈሳሽ ላይ ጨምሬ ለወራት ያቆየሁትን እርሾ በአንድ ቀን አጥቻለሁ።

ፈተናው ሕይወት እንዳለው አሳይቶ ጥንስሱ ግን ደካማ ከሆነ፣ ምክንያቱ የእርሾው ማነስ ስለሆነ ማራባት ያስፈልጋል። ስኳር ብቻውን እርሾው የሚያስፈልገውን ሌላ ምግብ አይሰጠውም፤ የብቅል ፈሳሽ እጅግ ይሻላል። ብቅሉ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጠው በ65 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ቴርሞሜትር የሌለው ሰው በቀላሉ ሊያገኘው ይችላል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሁለት እጅ የፈላ ውሃ ከአንድ እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ሲቀላቀል ወደ 66 ዲግሪ ይሆናል። በአንድ ሊትሩ ላይ 150 ግራም የብቅል ዱቄት ጨምረን፣ በጨርቅ ጠቅልለን አንድ ሰዓት ካቆየነው በኋላ እናጠልለዋለን። ቀጥሎ 20 ደቂቃ እናፈላዋለን፤ በደጋ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ጊዜውን ማሳጠር አይገባም። እንደተከደነ ቀዝቅዞ ለብ ሲል ሁለት ማንኪያ ዝቃጭ ጨምረን፣ አፉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነን ደጋግመን እናወዛውዘዋለን፤ እርሾ ሲራባ አየር ይፈልጋልና። ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ቀዝቃዛ ቦታ አዛውረን፣ ሲዘቅጥ ከላይ ያለውን ፈሳሽ አፍስሰን ሥሩን እንጠቀምበታለን።

አፍንጫን የሚወጋ የኮምጣጤ ሽታ ካመጣ

ሲራባ የጠቀመው አየር በማቆያው ጊዜ ጠላቱ ይሆናል። አልኮልን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች አየር ካላገኙ ሥራቸውን አይሠሩም፤ ስለዚህ ጎዶሎ ጠርሙስ ለእነርሱ ምቹ ቤት ነው። እንዲህ የሆነውን እርሾ ማዳን ስለማይቻል መድፋት፣ ጠርሙሱንም በፈላ ውሃ ማጠብ ይገባል። ለወደፊቱ ትንሽ ጠርሙስ መርጦ እስከ አንገቱ መሙላት ያስፈልጋል። ጠላ በተፈጥሮው ለስለስ ያለ ኮምጣጣነት አለው፤ ይህ ከሌሎች ባክቴሪያዎች የሚመጣ ስለሆነ እንደ ብልሽት አይቆጠርም። ልዩነቱን በጣዕም ሳይሆን በማሽተት መለየት ይቀላል።

ጠርሙሱ ሲከፈት ከፈነዳ ወይም ክዳኑን ከገፋ

ስኳሩ ሳያልቅ ተቀምጧል ማለት ነው፤ እርሾው በውስጡ ጋዝ እያመረተ ነው። ክዳኑን ላላ አድርጎ ማስቀመጥ ይበቃል። አጥብቆ የተዘጋ ብርጭቆ ጠርሙስ ሊፈነዳ ስለሚችል ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ቀለሙ ቡናማ ሆኖ የበሰበሰ ሥጋ ወይም የጎማ ሽታ ካመጣ

እርሾው ምግብ አጥቶና ሙቀት በዝቶበት ሞቶ፣ ሕዋሳቱ ፈራርሰዋል። ማቀዝቀዣ ውስጥ በ4 ዲግሪ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል፤ ከዚያ በላይ ለማቆየት በብቅል ፈሳሽ መመገብ ያስፈልጋል። መብራት የሚጠፋ ከሆነ፣ ጠርሙሱን በእርጥብ አሸዋ በተሞላ ሸክላ ውስጥ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ስር ማስቀመጥ ሙቀቱን ይቀንሳል፤ ሆኖም በዚህ መንገድ ከጥቂት ቀናት በላይ መተማመን አይገባም። በበረዶ ክፍል ማድረግ ግን ብዙውን እርሾ ይገድላል። እርሾውን በውሃ አጥቦ የማቆየት ልማድ ያላቸውም አሉ፤ እኔ ግን ከራሱ ጠላ ስር መተውን እመርጣለሁ፣ የጠላው አሲድና አልኮል ይጠብቀዋልና።

ሻጋታ ከታየ ያለ ማመንታት ይደፋ፤ ከላይ ገፍፎ ማትረፍ አይቻልም።

ከጥቂት ዙር በኋላ የጠላው ጣዕም ከተለወጠ

በቤት የሚቆይ የጠላ እርሾ የብዙ ዘሮች ድብልቅ ስለሆነ፣ በየዙሩ የአንዱ ዘር ድርሻ እየጨመረ የሌላው ይቀንሳል። አራት ወይም አምስት ዙር ከተጠቀምን በኋላ በአዲስ ጌሾና ብቅል ጠንስሰን፣ ከዚያኛው ጠላ አዲስ ዝቃጭ እናወጣለን።