ደሴ ላይ ካፌ ሲከፍቱ መጀመሪያ በሩን ያስተካክሉ

ወንበር ከመግዛትዎ በፊት ይወስኑ፦ ደንበኛው ማኪያቶውን ጠጥቶ ቶሎ እንዲነሳ ነው የሚፈልጉት ወይስ አረፍ ብሎ እንዲጫወት? ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ወንበር አያገኙም።

ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የቤቱን አሠራር የሚወስነው ብርዱ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ነፋስ የሚመታው ጠረጴዛ መጨረሻ ላይ ይያዛል፤ የተቀመጠበትም ጃኬቱን ሳያወልቅ ጠጥቶ ይወጣል። ከበሩ 1.2 ሜትር ያህል ገባ ብሎ፣ ቁመቱ 1.5 ሜትር የሆነ የእንጨት ወይም የመስታወት ከለላ ያቁሙ። የተቀመጠውን ይጋርዳል፤ የሚገባውም አሻግሮ ባዶ ቦታ ያያል። ከለላውን እስከ ኮርኒስ ካደረሱት ግን ሰው ውስጡን ማየት ስለማይችል ከደጅ ይመለሳል።

ሂሳብ መቀበያውን በሩ ሥር አያድርጉ፤ ሦስት ሰው ሲቆም መግቢያው ይዘጋል።

ሰው ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ በሩን ማየት ይወዳል። ስለዚህ ግድግዳውን ተከትሎ መደገፊያ ያለው አግዳሚ ያሠሩ፦ ከፍታው 45፣ ጠረጴዛው ከ72 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር። ጠረጴዛዎቹ 60 በ60 ይሁኑ፤ ቡድን ሲመጣ ይጋጠማሉ። የአራት ሰው ጠረጴዛ ብቻ ከደረደሩ ብቻውን የመጣ አንዱን ይይዝና ሦስት ወንበር ጦም ያድራል። ለቸኮለው በመስኮቱ በኩል 110 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ባንኮኒ ያለ ወንበር ይበቃል።

የጀበና ቡናው ረከቦት ከመንገድ ይታይ፤ የሚቆላ ቡና ሽታ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል። ከሰሉ ላይ ግን ቀልድ የለም። ብርድ ፈርተው ሁሉን ከዘጉ የከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጠራቀማል፤ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ከሰሉን ውጭ አቀጣጥለው ሲፋፋም ያስገቡት፤ ሲፋፋምም ጋዙ ስለማይቀር ከምድጃው በላይ ጭስ መውጫ፣ ትይዩው ደግሞ የማይዘጋ የአየር ማስገቢያ ይኑር። ደንበኛም ሆነ ቡና አፍይዋ ራሴን አመመኝ ካሉ ወዲያው ሰዉን አስወጥተው በርና መስኮቱን ይክፈቱ።

የሐረጎን ዳገት ወርደው ኮምቦልቻ ከከፈቱ ነገሩ ይገለበጣል። ሙቀት ስላለ ቀድሞ የሚሞላው በረንዳው ነው፤ ከለላውን ይተዉት። ወደ ምዕራብ የዞረ በረንዳ ግን ከሰዓት በኋላ ባዶ ይቀራል፤ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ከክዳኑ ሥር ስለምትገባ ክዳን ማስረዘም ብዙም አይረዳም። የሚጠቀለል የቀርከሃ መጋረጃ ከፊት ይስቀሉ፤ ከወለሉ አንድ ሜትር ያህል ክፍት ይተዉለት፣ ነፋሱ እንዲገባ።