ሻጋታ ሻጋታ ለሚሸቱ አሮጌ ልብ ወለዶች

በባሕር ዳር በክረምት የሚገዙ አሮጌ የስለላና የወንጀል ልብ ወለዶች፣ የጣና እርጥበት ታክሎበት፣ ገና ሲገለጡ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታሉ። ይህን ሽታ ለማስለቀቅ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የፕላስቲክ ባልዲ፣ ሁለት እፍኝ ያህል ያልነደደ ደረቅ ከሰልና አሮጌ ሻሽ ይበቃል። ከሰሉን መጻሕፍቱን እንዳያጠቁር በሻሹ ቋጥረው ከባልዲው ሥር ያስቀምጡ፤ መጻሕፍቱንም ገጾቻቸው እርስ በርስ እንዳይጣበቁ እንደ ማራገቢያ ዘርጋ አድርገው ካቆሙ በኋላ ከድነው ለአንድ ሳምንት ይተዉአቸው። በቅርቡ ከገዛኋቸው አሥራ አራት መጻሕፍት ሁለተኛ ሳምንት የጠየቀው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በሽፋኑ ላይ የቡና ሲኒ ክብ ምልክት ያለበት፣ ብዙ ቤት የዞረ የሚመስል ነው።

ከሰል ውስጡ በዓይን በማይታዩ እጅግ ብዙ ቀዳዳዎች የተሞላ በመሆኑ ሽታ የተሸከመው ተን በቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ፀሐይ ላይ ማስጣት ግን ርካሹን ወረቀት ቢጫ ያደርገዋል፤ የጥራዙንም ሙጫ አድርቆ ገጾቹን ያረግፋል።

እርጥበቱ በእጅ የሚታወቅ መጽሐፍ አስቀድሞ ነፋሻ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። የሻጋታ ብናኝ የሚታይበትን ደግሞ ከሌሎቹ ጋር ወደ ባልዲው አያስገቡ።