ፍሪጅ ሲነሳ ኢንቨርተሩ ለምን ይጠፋ ነበር?
መብራት ሲሄድ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው መሣሪያ) አምፖሎቹን በደንብ ያበራል፤ ፍሪጁ ሊነሳ ሲል ግን ጢጥ ጢጥ ብሎ ድርግም። ባትሪው ሞቷል ብዬ አዲስ ልገዛ ነበር። ደግነቱ መጀመሪያ በመልቲሜትር ለካሁ። ፍሪጁ ሲነሳ ባትሪው ጫፍ ላይ 12.3 ቮልት አለ፣ ኢንቨርተሩ መግቢያ ላይ ግን 10.4 ብቻ። ወደ 2 ቮልት የሚጠጋው መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው! የእኔ ኢንቨርተር ደግሞ ከ10.5 በታች ሲወርድ ራሱን ያጠፋል። ገመዱን ስነካው ይሞቃል፣ የባትሪው ጫፍ ላይም ነጣ ያለ አረንጓዴ ዝገት ተጋግሯል። ሁሉንም አጥፍቼ፣ ነጌቲቩን አስቀድሜ ፈትቼ፣ ዝገቱን በብሩሽ ፈግፍጌ አጸዳሁ። ባለ 6 ስኩዌር ሚሊሜትሩን ገመድ አውጥቼ ባለ 35 አጭር ገመድ አስገባሁ፣ ብሎኑንም በደንብ አጠበቅኩት። አሁን ፍሪጁ ሲነሳ ኢንቨርተሩ መግቢያ ላይ 12.1 ያሳያል፣ ገመዱም አይሞቅም።