የፓይተን ማጣቀሻ መጽሐፍ ስትመርጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማጣቀሻ መጽሐፍ አንድ ሥራ አለው። ኮድ እየጻፋችሁ የሆነ ቦታ ስትቆሙ ጥያቄያችሁን በሁለት ደቂቃ መልሶ ወደ ሥራችሁ ይመልሳችኋል። ይህን ካላደረገ፣ ሌላው ሰው ምንም ያህል ቢያደንቀው ለእናንተ ማጣቀሻ አይደለም። መጽሐፍ ስንገዛ የምንሳሳተው ይህን ስለምንረሳ ነው።

ምሳሌዎቼን ፓይተን ከሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ እወስዳለሁ። ጃቫስክሪፕት ወይም ፒኤችፒ ለሚማርም ነገሩ ብዙ አይለይም። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማስተማሪያን እንደ ማጣቀሻ መግዛት

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ማስተማሪያ መጽሐፍ ከምዕራፍ 1 ጀምሮ እጃችሁን ይዞ ይወስዳችኋል። ስለ ሊስት (ብዙ ነገሮችን በተራ ስለሚይዘው ዝርዝር) ምዕራፍ 3 ላይ ትንሽ፣ ምዕራፍ 5 ላይ ትንሽ፣ የቀረውን ምዕራፍ 11 ላይ ይነግራችኋል። ለጀማሪ እንዲህ መሆኑ ትክክል ነው፤ ሁሉም ነገር በአንዴ ቢዘረገፍበት አይችለውም። ከወራት በኋላ ግን ስለ ሊስት አንድ ነገር ሲጠፋችሁ የትኛው ምዕራፍ ላይ እንዳነበባችሁት ስትፈልጉ ትውላላችሁ። ማጣቀሻ ላይ ስለ ሊስት ያለው ሁሉ አንድ ቦታ ተቀምጧል። በሌላ በኩል መዝገበ ቃላትን ከሀ እስከ ፐ አንብቦ ቋንቋ የቻለ እንደሌለ ሁሉ፣ ማጣቀሻን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ፕሮግራመር የሆነም የለም።

ስህተቱ በሁለቱም በኩል ይጎዳል። ጀማሪው ወፍራም ማጣቀሻ ይገዛና ምዕራፍ 2 ላይ ይደክመዋል። «ፕሮግራሚንግ ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ልጁ አቅም አላነሰውም፣ የያዘው መጽሐፍ ለሌላ ሥራ የተጻፈ ነው። ትንሽ የተራመደው ደግሞ የጀማሪ መጽሐፍ በላይ በላዩ ይገዛል። ሁሉም ቫሪያብል (ዳታ የሚያዝበት ስም) ምን እንደሆነ ደግመው ይነግሩታል፤ የቸገረው ነገር ግን አንዱም ውስጥ የለም።

ልዩነቱን ለማወቅ አንድ ገጽ ይበቃል። ሊስትን በቅደም ተከተል የሚደረድረውን «ሶርት» ፈልጋችሁ አንብቡ። ጥሩ ማጣቀሻ ምን እንደሚቀበል፣ ምን እንደሚመልስ፣ መቼ ኤረር እንደሚሰጥና ከየትኛው ቨርዥን ጀምሮ እንደሚሠራ ይነግራችኋል። «ምን ይመልሳል» የሚለው ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን «ሶርት» ሊስቱን እዚያው ባለበት ይደረድረዋል እንጂ የተደረደረ ሊስት አይመልስም። አዲስ ሊስት የሚሰጣችሁ «ሶርትድ» ነው። ይህን ያላወቀ ሰው የ«ሶርት»ን ውጤት በሌላ ቫሪያብል ይይዝና ዳታው የት እንደገባ ግማሽ ቀን ሲፈልግ ይውላል። ማስተማሪያ ይህን በምሳሌ አሳይቶ ሊያልፈው ይችላል። ማጣቀሻ ግን በግልጽ ካልጻፈው አትግዙት።

የታተመበትን ዓመት አይቶ ቨርዥኑን አለማየት

ፓይተን 3 የወጣው በ2008 መጨረሻ ነው። ለፓይተን 2 ይደረግ የነበረው ድጋፍ ያበቃው ደግሞ በ2020 መጀመሪያ ላይ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ኖረዋል ማለት ነው። ስለዚህ በ2012 የታተመ መጽሐፍ ፓይተን 2ን ሊያስተምር ይችላል፣ ብዙዎቹም ያስተምሩ ነበር።

መለየቱ ቀላል ነው። «ፕሪንት» ያለበትን ማንኛውንም ምሳሌ ተመልከቱ፤ የሚታተመው ነገር ቅንፍ ውስጥ ካልሆነ መጽሐፉ የፓይተን 2 ነው። እንዲህ ያለው ኮድ ዛሬ ቢሞከር ወዲያው ኤረር ይሰጣል። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ኤረር የማይሰጠው ነው። 5ን ለ2 አካፍሉ፤ ፓይተን 2 መልሱ 2 ነው ይላል፣ ፓይተን 3 ደግሞ 2.5። ኮዱ ይሠራል፣ ማንም አያስጠነቅቃችሁም፣ ሒሳቡ ግን መጽሐፉ ከነገራችሁ የተለየ ነው።

ሽፋኑ ላይ «ፓይተን 3» መባሉም ብቻውን አይበቃም። ቫሪያብልን በቀጥታ ጽሑፍ ውስጥ ለማስገባት ዛሬ ሁሉም የሚጠቀምበት ኤፍ-ስትሪንግ የመጣው በ3.6 ነው፣ በ2016። ዲክሽነሪ (እያንዳንዱን ነገር በመጠሪያው የሚይዝ ስብስብ) ነገሮችን በገቡበት ቅደም ተከተል እንደሚይዝ በይፋ የተረጋገጠው በ3.7 ነው፣ በ2018። ከዚያ በፊት የተጻፈ መጽሐፍ «ዲክሽነሪ ቅደም ተከተል የለውም» ይላችኋል፤ ያኔ ልክ ነበር። በ2024 የወጣው 3.13 ደግሞ 19 አሮጌ ሞጁሎችን (ከፓይተን ጋር ይመጡ የነበሩ ዝግጁ ኮዶችን) አስወግዷል። አንዱ ለዌብ ሥራ ያገለግል የነበረው ሲጂአይ የሚባለው ነው። የዌብ ምዕራፉ በእሱ ላይ የቆመ መጽሐፍ ያ ምዕራፉ ዛሬ አይሠራም። የፒኤችፒ ተማሪዎችም ይህን ያውቁታል፤ ከማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ጋር ይገናኙበት የነበረው አሮጌው መንገድ ፒኤችፒ 7 ላይ በ2015 ተወግዷል፣ እሱን የሚያስተምሩ መጻሕፍት ግን አሁንም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ።

የእኔ መስመር ይህ ነው፦ ከ3.6 በታች የሆነ የፓይተን ማጣቀሻ በነፃ ቢሰጣችሁም ተዉት። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን በየዓመቱ የሚወጣውን አዲስ ቨርዥን አሳዳችሁ አትጨነቁ። «ኢፍ»፣ «ፎር»፣ ፋንክሽን፣ ሊስት በአንድ ዓመት አይለወጡም። መጽሐፉ ላይ ያለውን ዓመት ስታዩም ዳግም ሕትመት ይሁን አዲስ እትም ለዩ። ዳግም ሕትመት ያው አሮጌው ጽሑፍ በአዲስ ወረቀት ነው።

ኢንዴክሱን ሳይገልጡ መግዛት

መጽሐፍ ስንመርጥ ብዙዎቻችን ሽፋኑን እናያለን፣ ማውጫውን እናያለን፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ትንሽ እናነባለን። ለማጣቀሻ ግን ዋናው ክፍል መጨረሻው ላይ ነው፤ በፊደል ተራ የተደረደረው ኢንዴክስ። ከመሄዳችሁ በፊት በቅርቡ ያስቸገሯችሁን ሦስት ነገሮች ወረቀት ላይ ጻፉ። የመጣባችሁ የኤረር ስም ቢሆን በጣም ጥሩ ነው። ከዚያ ኢንዴክሱ ላይ ፈልጓቸውና የተጠቀሰውን ገጽ ገልጣችሁ አንብቡ። ሦስቱም ከጠፉ መጽሐፉን መልሱት።

«እኔ በፒዲኤፍ ነው የማነበው፣ ሰርች አደርጋለሁ» የሚል አለ። እስቲ «ኢን» ወይም «ዊዝ» የሚሉትን የፓይተን ቃላት በሰርች ፈልጉ። ሁለቱም ተራ የእንግሊዝኛ ቃላት ስለሆኑ በየገጹ ይመጡላችኋል። ሰው ያዘጋጀው ኢንዴክስ ግን የተብራሩበትን ገጽ ለይቶ ይሰጣል።

በአማርኛ ጽሑፍ እንደምትሠሩ መርሳት

ይህን አብዛኛው የመጽሐፍ ግምገማ አያነሳውም፤ ለእኛ ግን ትልቅ ጉዳይ ነው። የደንበኞች ዝርዝር፣ የተማሪዎች ስም፣ የዕድር መዝገብ፣ ከቴሌግራም የወረደ መልእክት፣ ሁሉም በፊደላችን የተጻፈ ነው። ስለዚህ ማጣቀሻው ስለ ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ቁጥር የተሰጠበት የጋራ መዝገብ) እና ስለ ኢንኮዲንግ (ፊደል ፋይል ላይ በባይት የሚቀመጥበት መንገድ) በቂ ቦታ መስጠት አለበት። አንድ አንቀጽ አይበቃም።

ለምን? አንድ የአማርኛ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ኢንኮዲንግ ሲቀመጥ ሦስት ባይት ይወስዳል። «ሰላም» ለፓይተን 3 ሦስት ፊደል ነው፣ ፋይል ላይ ሲጻፍ ግን ዘጠኝ ባይት ይሆናል። ፋይል ስትከፍቱ ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ካልገለጻችሁ፣ ዊንዶውስ ላይ ፓይተን ብዙ ጊዜ የሚወስደው ለምዕራብ አውሮፓ ፊደላት የተሠራውን ኢንኮዲንግ ነው። ያኔ ወይ ኤረር ይመጣል፣ ወይ ስማችሁ የማይነበብ የምልክት ክምር ሆኖ ይወጣል። የብዙ መጽሐፍ ምሳሌዎች በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ስለሚሠሩ ይህ ችግር እዚያ ጨርሶ አይታይም። ስለዚህ መጽሐፉ ፋይል ስለመክፈት የሚያወራበትን ገጽ ግለጡና ኢንኮዲንግ የሚል ነገር እንዳለ እዩ።

የበለጠ ጠንከር ያለ ፈተናም አለ። ለፓይተን ፩ን ስጡና ቁጥር መሆኑን በ«ኢዝዲጂት» ጠይቁት፤ አዎ ይላችኋል። ወደ ቁጥር ቀይርልኝ ብላችሁ ለ«ኢንት» ብትሰጡት ግን ኤረር ይመጣል። ከ፩ እስከ ፱ ያሉት የግዕዝ ቁጥሮች ዩኒኮድ ላይ በአሃዝነት ቢመዘገቡም ከ0 እስከ 9 ባለው የአሥር ቤት አጻጻፍ የሚሠሩ ስላልሆኑ ነው። «ኢዝዴሲማል» ብላችሁ ብትጠይቁት ደግሞ ለ፩ አይደለም ይላችኋል፤ «ኢዝዲጂት»ና «ኢዝዴሲማል» የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ሁለቱን ለይቶ የሚያስረዳ መጽሐፍ ካገኛችሁ ጸሐፊው ጠንቃቃ ሰው ነው።

ደግሞም ለእኛ ኃይሉ፣ ሀይሉና ሐይሉ አንድ ስም ናቸው፤ ለፓይተን ሦስት የተለያዩ ጽሑፎች ናቸው። በአንዱ ብትፈልጉ ሌሎቹ አይመጡም። ከውጭ የመጣ መጽሐፍ ይህን በአማርኛ ምሳሌ እንዲያሳያችሁ አትጠብቁ። ፊደልን በፊደል የሚተኩትን «ሪፕሌስ»ና «ትራንስሌት» በደንብ ካብራራ የቀረውን ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ።

በውፍረቱና በርዕሱ መማረክ

ሺህ ገጽ መሆኑ ሙሉ ነው ማለት አይደለም። በጥቂት ቀን እናስተምራለን የሚሉ ርዕሶችም ለማጣቀሻ አይሆኑም፤ ስማቸው ራሱ ማስተማሪያ መሆናቸውን ይናገራል።

ፒዲኤፍ ማከማቸት

ቴሌግራም ላይ የሚዞሩ ፒዲኤፎችን ስልኩ ላይ የደረደረ ብዙ ሰው አለ። የጸሐፊው መብት አንድ ጉዳይ ነው፣ ቀላልም አይደለም። ከዚያ ውጭ አብዛኞቹ አሮጌ እትሞች ናቸው፣ አንዳንዶቹም ገጽ ይጎድላቸዋል። ደግሞ ሃያ መጽሐፍ ያለው ሰው ለአንድ ጥያቄ የትኛውን እንደሚከፍት አያውቅም። አንዱን ለይታችሁ ልመዱት፤ ምን የት እንዳለ እጃችሁ ይወቀው።

የፓይተንን የራሱን ሰነድ መናቅ

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። የፓይተን አዘጋጆች የሚያወጡት ሰነድ ነፃ ነው፣ ከእያንዳንዱ ቨርዥን ጋር ይታደሳል፣ አንድ ነገር ከየትኛው ቨርዥን እንደተጨመረ ወይም እንደተለወጠ ጎኑ ላይ ይጽፋል። ውስጡ የጀማሪ ማስተማሪያ አለ፣ የቋንቋው ደንብ ለብቻው አለ፣ የላይብረሪው (ከፓይተን ጋር የሚመጡት ዝግጁ መሣሪያዎች) ማጣቀሻም ለብቻው አለ። በየቀኑ የምትገልጡት የላይብረሪውን ነው። የቋንቋው ደንብ አነባበቡ ይከብዳል፤ ጀማሪ እዚያ ባይገባ እመርጣለሁ።

ዳታ ውድ ለሆነበት ወይም ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ሰው ደግሞ ሙሉውን አንዴ አውርዶ ላፕቶፕ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ፓይተን ውስጥም «ሄልፕ» ብላችሁ ቅንፍ ውስጥ የፈለጋችሁትን ስም ብታስገቡ ያለ ኢንተርኔት ማብራሪያ ይሰጣችኋል። ጥያቄያችሁን ለኤአይ የምትወረውሩም ከሆነ መልሱን እዚሁ አመሳክሩት፤ ኤአይ የተለያዩ ቨርዥኖችን ቀላቅሎ የሚመልስበት ጊዜ አለ።

አንድ ወር በዚህ ሰነድ ከሠራችሁ በኋላ አሁንም የጎደላችሁ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ብዙ ምሳሌ ወይም ቀለል ያለ አገላለጽ፣ ያኔ የምትገዙት መጽሐፍ ምን መሙላት እንዳለበት አውቃችሁ ትገዛላችሁ።