ክሬግሊዝ ላይ ልት ልትመነጥሩ ስትሄዱ

እናቴ የዶሮ ኩስ ትኩሱን ጎመን ላይ አትደፋም። ጥግ ላይ ከምራ ታከርመዋለች። ካልከረመ ያቃጥላል። ይሄን የማነሳው ያለ ነገር አይደለም። ኤድንብራ ከመጣሁ ወዲህ ብርድ በገባ ቁጥር ሁለት ሦስት ቅዳሜዬ የሚያልፈው በወፍ ኩስ የወፈረ ቁጥቋጦ ስመነጥር ነው። «እንዴት ነው የሚኬደው?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ እዚሁ ልጻፈው።

ቦታው ክሬግሊዝ ይባላል። ስኮትላንድ ውስጥ ከኖርዝ ቤሪክ ከተማ ፊት ለፊት፣ በጀልባ ቅርብ የሆነች ትንሽ ደሴት ናት። ፓፊን የሚባለው የባሕር ወፍ እዚያ መሬት ቆፍሮ ይገባል። ከርግብ ብዙም አይበልጥም። መንቁሩ ግን ለሠርግ የተኳለ ይመስላል። በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ይጥላል፤ እሱንም ጉድጓዱ ውስጥ። እ.ኤ.አ. በ1999 እዚህ 28,000 ጥንድ ገደማ ነበር። ከዚያ ወደ ጥቂት ሺህ ወረደ።

በር የዘጋባቸው የዛፍ ልት ነው። አዎ፣ የኛ ልት የሥጋ ዘመድ። ቅጠሉን ሳየው ወዲያው ነው ያወቅሁት። የኛው አጥር ሥር ቁጭ ብሎ የሚኖር ጨዋ ነው። ይሄኛው ግን 3 ሜትር ይደርሳል፤ ግንዱ የአካፋ እጀታ ያክላል። ወፎቹ ባሕር ላይ ዓሣ ይበላሉ፣ መሬት ላይ ኩሳቸውን ይጥላሉ። ናይትሮጅኑም ፎስፈረሱም ከባሕር የመጣ ነው። ልቱ ጨውም ኩስም ይችላል። ድሮ ውርጭ ያጠቃው ነበር፤ ብርዱ እየላላ ሲመጣ ግን ደሴቷን ሞላት። ወፏ ራሷ ባመጣችው ማዳበሪያ ቤቷ ተዘጋባት ማለት ነው።

ምንጠራውን እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሚያስተባብረው ኖርዝ ቤሪክ ያለው የስኮትላንድ የባሕር ወፎች ማዕከል ነው። በበጎ ፈቃደኝነት ትመዘገባላችሁ። ሥራው ያለው ፓፊኖቹ ወደ ባሕር ከሄዱ በኋላ ነው፤ ነሐሴ አካባቢ ይወጣሉ፣ በጸደይ ይመለሳሉ። ከኤድንብራ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ባሕሩ ከተቆጣ ጉዞው ይሰረዛል። እኔ አንዴ ጀልባው ጋ ደርሼ ተመልሻለሁ። ስለዚህ ያን ቀን ሌላ ቀጠሮ አትያዙ፣ ግን ተስፋም አታብዙ።

ጫማችሁን ከቤት አጥባችሁ ውጡ፤ የጫማውን ሥር ሳይቀር። ቦርሳችሁንም ገልብጣችሁ አራግፉ። የባዕድ ዘር ወይም አይጥ ይዞ መግባት ለደሴቷ መርዶ ነው። የመጀመሪያ ቀኔ ቆሎ ይዤ ሄጄ ነበር። አስተባባሪው ከረጢቷን አይቶ «ይሄ ዘር ነው?» አለኝ። የተቆላ ገብስ እንደማይበቅል ለማስረዳት ትንሽ ፈጀብኝ። በመጨረሻ ግማሹን የበላው እሱ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ከምንም በላይ አረጋገጣችሁን ተጠንቀቁ። መሬቱ ውስጥ ውስጡን የተቦረቦረ ነው፤ ከላይ ሣር ይመስላል እንጂ። እኔ ችኩል ነኝ፤ ግራ እግሬ እስከ ጉልበቴ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ኅዳር ስለነበር ውስጡ ወፍ አልነበረም። ቢሆንም የአንዷን ጣሪያ አፍርሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ድንጋይ ካለ ድንጋይ ላይ፣ ከሌለ ደግሞ ቀስ ብዬ እየሞከርኩ ነው የምረግጠው።

መቀሱ እጀታው ረጅም ነው። ጎንበስ ብላችሁ ግንዱን እታች፣ መሬቱ አጠገብ ቁረጡት። ከወገብ ላይ መቁረጥ ይቀላል፣ ግን እንደገና ያቆጠቁጣል። ሥሩን በጉልበት ለመንቀል አትታገሉ፤ አፈሩ ይናዳል። የቆረጣችሁትን እዚያው የጉድጓድ አፍ ላይ አትጣሉት፤ ወደ ጎን ከምሩት። ከግንዱ ሥር ክብ ጥቁር ቀዳዳ ብቅ ሲል ታያላችሁ። እኔን ደስ የሚለኝ ይቺ ሰዓት ናት።

አንዴ መንጥረን ተገላገልን የሚባል ነገር የለም። ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። አምና ያጸዳሁት ቁልቁለት ዘንድሮ በቡቃያ ተሸፍኖ ጠብቆኛል። ተናድጄ ነበር፤ መናደድ መቁረጡን አያፋጥነውም።

ወገባችሁን ስታሳርፉ ወደ ምሥራቅ እዩ። ያ ነጭ አለት ባስ ሮክ ነው፤ ጋኔት የሚባለው ትልቅ ወፍ መንደር። እ.ኤ.አ. በ2014 ከ75,000 ጥንድ በላይ ይኖርበት ነበር። በ2022 የወፍ ጉንፋን ገባ፤ በ2023 ሲቆጠር 52,000 ገደማ ሆነ። ከበሽታው ከተረፉት የአንዳንዶቹ ሰማያዊ ዓይን ጠቁሯል። እዚያ መቀስ አይረዳም።

በሰኔ ግን በጉብኝት ጀልባ ተመለሱ። ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ያዙ። የመነጠራችሁበትን ቁልቁለት ከጀልባው ላይ ፈልጉ። እኔ ባለፈው ሳየው፣ አንዷ መንቁሯ ላይ ቀጫጭን ዓሣ ደርድራ አረፈች። ግራ ቀኝ አየች፤ ከዚያ ሮጥ ብላ ጉድጓዷ ገባች።