ዳገት ላይ ጉልበት ያጣው ቱርቦ
ከለገሃር ወደ ፒያሳ የሚያወጣውን የቸርችል ጎዳና ዳገት ስንወጣ የናፍጣ መኪናችን ጉልበት ያጥረው፣ ጥቁር ጭስ ይለቅና ያፏጭ ነበር። በቱርቦው ውስጥ ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጋዝ ተርባይኑን፣ ማለትም ባለ ክንፉን መንኮራኩር፣ ሲያዞር፣ በዚያው ዘንግ ላይ ያለው መጭመቂያ አየር አምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ ይልካል፤ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለች፣ አየሯ በሳሳ አዲስ አበባ ይህ እገዛ ሲጎድል ወዲያው ይታወቃል። ቱርቦው ይቀየር ተብሎ ነበር፤ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ዘንጉን በእጄ ስፈትሸው ግን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሰማ ልቅነት አልነበረውም፤ ክንፎቹም ቤታቸውን አልነኩም። ጉድለቱ የተገኘው ወደ ኢንተርኩለሩ (የታመቀውን አየር ወደሚያቀዘቅዘው ክፍል) በሚሄደው የጎማ ቱቦ ላይ ነው፤ በማሰሪያው ሥር ያለው ስንጥቅ ግፊት ሲበዛ ብቻ ስለሚከፈት መኪናው ቆሞ ሲታይ ደህና ይመስላል፣ ዙሪያው ግን በዘይት ረጥቦ ነበር። ቱቦውንና ማሰሪያውን ቀይረን በዚያው ዳገት ስንሞክረው ጭሱም ፉጨቱም ጠፋ። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር የሚችልና በስስ የዘይት ንጣፍ ላይ የሚንሳፈፍ በመሆኑ፣ ዘይትና ፊልትሮ በወቅቱ እንዲቀየር፣ ከረጅም ዳገት በኋላም ሞተሩ ከመጥፋቱ በፊት ለአንድ ደቂቃ ያህል በዝግታ እንዲሠራ አጥብቄ እመክራለሁ።